ቁጥሩ ሲጨምር ጥቃቱ ጨመረ ማለት ነው?

በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጥቃት እንዴት እንደሚመዘገብና መዝገቡ ራሱ እንዴት እንደሚፈተሽ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ተጠራቅመውብን ነበር። ተመሳሳዮቹን አጣምረን፣ የጠያቂዎቹን ስም ትተን እነሆ መልስ ብለናል። «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በወረዳችን አምና 31 የሕፃናት ጥቃት ተመዝግቦ ነበር። ዘንድሮ 64 ደረሰ። ምክር ቤቱ «ጥቃት በእጥፍ ጨምሯል፤ ምን እየሠራችሁ ነው?» ብሎ ማብራሪያ ጠየቀን። ምን ብለን እንመልስ? (የወረዳ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፣ ደቡብ ወሎ)

መልስ፦ ጨምሯልም አልጨመረምም አይበሉ፤ ገና አልታወቀም። 64ቱ ደጃፋችሁ ድረስ የመጣው ጥቃት ብዛት ነው። እቤት የቀረውን አይጨምርም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ደጃፉ ነው። አምና ሪፖርት የላከው ፖሊስ ብቻ ከነበረና ዘንድሮ ሆስፒታሉና ሁለት ትምህርት ቤቶች ከተጨመሩ፣ አዲሶቹን ቀንሳችሁ አምናም ዘንድሮም የነበረውን በር ብቻ አወዳድሩ። ብዙ ጊዜ እጥፉ እዚህ ላይ ይሟሽሻል።

ቀጥሎ ጥቆማውን ማን አመጣው? አምና እናቶችና ጎረቤቶች ከነበሩ፣ ዘንድሮ መምህራንና ልጆቹ ራሳቸው ከሆኑ፣ የተለወጠው የመናገር ድፍረት ሊሆን ይችላል። ጥቃቱ ከተፈጸመበት እስከተነገረበት ያለውን ጊዜም ቁጠሩ፤ ከ64ቱ ውስጥ ከዓመት በፊት የተፈጸመው ብዙ ከሆነ የቆየ ዕዳ ወጣ እንጂ አዲስ ነገር አልመጣም። በመጨረሻ ሊደበቅ የማይችለውን ለይታችሁ ተመልከቱ፤ የሕፃን ሞትና አልጋ ያስያዘ ጉዳት። እነዚህ ባሉበት ቆመው ሌላው ብቻ ካደገ፣ ይበልጥ የሚያስኬደው ግምት የተነገረው መብዛቱ ነው። በአንድ ወረዳ እነዚህ ጉዳዮች ጥቂት ስለሚሆኑ የሦስት ዓመቱን ደምሩ ወይም የዞኑን ውሰዱ።

ወር ከወር የምታወዳድሩ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። የጤና ተቋማት ወር የሚዘጋው ከ21 እስከ 20 ነው። የመስከረም ሪፖርት ማለት ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ነው፤ በመካከሉ ጳጉሜን ስላለች 35 ቀን ይሆናል፣ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ 36። ምንም ሳይለወጥ የመስከረም ቁጥር ከሌላው ወር በ17 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። «በበዓላት ሰሞን ጥቃት ይጨምራል» ከማለታችሁ በፊት ለቀኑ ብዛት አካፍሉ።

የእኛ ትልቁ ስጋት ግን የጨመረ ቁጥር አይደለም፤ ዜሮ ነው። ዜሮ ያመጣ ቀበሌ በመድረክ ሲመሰገን ያየ ሌላ ቀበሌ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚልክ መገመት አያቅትም።

ጥያቄ፦ የክልላችን ቢሮ የምዝገባ ሥርዓቱን እንድገመግም ሦስት ሳምንት ሰጥቶኛል። ከየት ልጀምር? ስንት ቦታስ ይበቃል? (የዕቅድና ክትትል ባለሙያ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ከቢሮው ኮምፒውተር አይጀምሩ። እዚያ የሚያገኙት ተደምሮ የተላከውን ነው፤ የሚጠፋው ደግሞ ከመደመሩ በፊት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ወረቀት ዘርግተው የአንዲት ልጅ ጉዳይ ከቀበሌ እስከ ፌዴራል የሚሄድበትን መንገድ ይሳሉ፦ ጤና ጣቢያ፣ የፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ጥበቃ ክፍል፣ ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጥ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ካለ እሱ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ችሎት፣ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤት። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፤ ምን ዓይነት መዝገብ አለ፣ ማን ይሞላዋል፣ ለማን በስንት ቀን ይላካል። ስዕሉ ሲያልቅ ወደ ላይ የሚሄድ ቀስት ይሞላል፤ እርስ በርስ የሚያገናኝ ቀስት ግን ታገኛላችሁ ብለን ተስፋ አናደርግም። ጤና ለጤና፣ ፖሊስ ለፖሊስ ይልካል፤ ሁለቱ ስለ አንዷ ልጅ አይነጋገሩም።

ከዚያ ስድስት ወረዳ ይምረጡ። ሁለቱ ብዙ የሚልኩ፣ ሁለቱ ጥቂት ወይም ዜሮ የሚልኩ፣ ሁለቱ በዕጣ። ጥሩ የሚሠራውን ብቻ ማየት ይቀናል፤ መኪናም የሚመደበው ወደዚያው ነው። ሥርዓቱ የሚፈተነው ግን ዜሮ በሚልከው ወረዳ ነው። እዚያ ባዶ መዝገብ ታገኙ እንደሆነ፣ ወይስ የሞላ መዝገብና ያልተላከ ሪፖርት፣ ሁለቱ በሽታቸውም መድኃኒታቸውም ይለያያል።

በየወረዳው ሁለት ቆጠራ ያድርጉ። አንደኛው ድጋሚ ቆጠራ ነው፤ የአንድ ሩብ ዓመት ሪፖርት ይዘው መዝገቡን በጣትዎ እየጠቆሙ ይቁጠሩ። በመዝገብ ያገኙትን ለሪፖርቱ ቁጥር ያካፍሉ። ሪፖርቱ 65 ብሎ መዝገቡ ላይ 52 ካለ 80 በመቶ ነው፤ 13ቱ ከየት መጡ? አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ልጅ ለክትትል ሦስቴ ስትመጣ ሦስት ተብላ ነው። በተለምዶ ከ90 እስከ 110 በመቶ ያለውን ይቀበሉታል፤ ከዚያ የወጣውን ምክንያቱን ሳያገኙ አይለፉ።

ሁለተኛው ክትትል ነው። ከፖሊስ መዝገብ 30 ጉዳይ በዕጣ ያውጡና ወደ ፊት ይከተሉ፤ ስንቱ ዐቃቤ ሕግ ደረሰ፣ ስንቱ ችሎት፣ ስንቱ ውሳኔ አገኘ፣ ስንቱ «በሽምግልና ተፈታ» ተብሎ ወይም ምንም ሳይባል ቆመ። ከዚያ ከችሎት 30 መዝገብ ይዘው ወደ ኋላ ይመለሱ፤ የሕክምና ማስረጃው፣ የማኅበራዊ ሠራተኛዋ ቅጽ አለ ወይ? በእያንዳንዱ ላይ አምስት ቀን ይልቀሙ፦ የተፈጸመበት፣ የተነገረበት፣ የተመዘገበበት፣ አገልግሎት ያገኘችበት፣ የተዘጋበት። ሲያጠቃልሉ አማካዩን ሳይሆን መካከለኛውን (ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) ይጠቀሙ፤ ሦስት ዓመት የቆየ አንድ መዝገብ አማካዩን ያበላሸዋል።

ጉብኝቱን አስቀድሞ በደብዳቤ ማሳወቅ ግድ ነው። ችግሩ መዝገቡም በዚያው መካከል መሞላቱ ነው። ምልክቱ ለዓይን ይታያል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ ያለ አንድ ስርዝ፤ ገጹ ዳር ላይ የጣት እድፍ የለም፤ ዕድሜው ሁሉ 10፣ 12፣ 15። እውነተኛ መዝገብ ቆሻሻ ነው። ባዶ ቦታ፣ የተሰረዘ ስም፣ በሌላ ቀለም የተጨመረ ስልክ አለው። የተጠረጠረውን መዝገብ ከተረኞች ፈረቃ ሰሌዳ ጋር ያስተያዩት፤ ያን ቀን ፈቃድ ላይ የነበረች ነርስ ፊርማ ሊኖር አይችልም።

የቀረው ጊዜ ሰው ለማነጋገር ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የክትትል ሥርዓት በዘጠኝ ነጥቦች እንዲመዘን ይመክራል፤ ከነሱ መካከል ቀላልነት፣ በሠራተኛው ዘንድ ተቀባይነት፣ ወካይነት፣ ወቅታዊነትና ፅናት አሉ። መመሪያው የተጻፈው ለጤና ክትትል ቢሆንም ለዚህም ይሠራል። «ተቀባይነት» የሚለውን በመጠይቅ ከማድከም ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ለአንድ ጉዳይ ስንት ቅጽ ትሞያለሽ፣ ስንት ደቂቃ ይፈጅብሻል? ከዚያም ልጅቷ ታሪኳን ለስንት ሰው እንደነገረች ይቁጠሩ። ለቀበሌው፣ ለፖሊሱ፣ ለነርሷ፣ ለሐኪሙ፣ ለዐቃቤ ሕጉ፣ ለችሎቱ… ይህ ቁጥር በየትኛውም ሪፖርት ላይ የለም፤ እኛ ግን ከሁሉ ቀድመን የምናየው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ የሆስፒታሉንና የፖሊሱን ዝርዝር በማስተያየት ያልተመዘገበውን መገመት ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ። ስሌቱን አሳዩኝ። (የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ዓሣ አጥኚዎች ሐይቅ ውስጥ ያለውን ዓሣ የሚገምቱበት ዘዴ ነው። ፖሊስ 45፣ ሆስፒታል 60 መዘገቡ እንበል፤ 18ቱ በሁለቱም ላይ ያሉ ናቸው። በድምሩ የሚታወቁት 45 ሲደመር 60 ሲቀነስ 18፣ 87 ልጆች ናቸው። ግምቱ፦ በሦስቱም ቁጥሮች ላይ 1 ይጨመርና 46 ሲባዛ በ61 ሲካፈል ለ19፣ ከዚያ 1 ሲቀነስ፤ ወደ 147። ማለትም ሁለቱ ተጋግዘው የደረሱት 59 በመቶው ላይ ነው።

አሁን መጥፎው ዜና። ስሌቱ የሚሠራው ሁለቱ ዝርዝሮች አንዱ ከሌላው ተለይተው የተሞሉ ከሆነ ነው። ሆስፒታሉ የፖሊስ ደብዳቤ ካልያዘች ልጅ የማይቀበል ከሆነ፣ ወይም ሁሉን ወደ ፖሊስ የሚልክ ከሆነ፣ የሚደራረበው ይበዛል። በምሳሌያችን 18ቱ 30 ቢሆኑ ግምቱ ወደ 90 ይወርዳል፣ ሥርዓቱም ከ80 በመቶ በላይ የደረሰ ይመስላል። የተሻለ አልሠራም፤ ሁለቱ አንድ በር ሆኑ እንጂ። ስለዚህ የተገኘውን ግምት «ቢያንስ» እያላችሁ አቅርቡ። ከተቻለ ሦስተኛ ዝርዝር ጨምሩ፤ የትምህርት ቤት ወይም የነፃ የስልክ መስመር።

ሌላው ጣጣ ስም ነው። ኮምፒውተሩ ሀና፣ ሃና፣ ሐና እና ኃናን አራት ልጆች ያደርጋቸዋል። ጸሐይና ፀሀይም እንዲሁ፤ ገ/ማርያምና ገብረማርያምም እንዲሁ። ከማስተያየታችሁ በፊት ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ኀ፣ ኃን ወደ አንድ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ አምጡ፤ አህጽሮቱን ዘርዝሩ፤ በስም መካከል ያለውን ክፍተት አጥፉ። በላቲን ፊደል የሚጽፍ ድርጅት ካለ የሱን ዝርዝር በእጅ መመለስ ይሻላል። የአባት ስም ላይም አትተማመኑ፤ ጉዳዩ የቤት ውስጥ ሲሆን አንዱ ጋ የአባት፣ ሌላው ጋ የእንጀራ አባት ወይም የአያት ስም ሊጻፍ ይችላል። የራስ ስም፣ ፆታ፣ ቀበሌ፣ ዕድሜ በአንድ ዓመት ልዩነት፣ ቀን በሦስት ቀን ልዩነት፤ ከአምስቱ አራቱ ከገጠሙ ሁለት ሰው ለየብቻው አይቶ ይወስን። ይህ ሁሉ የሚሠራው መዝገቡ ባለበት ቢሮ ውስጥ ነው፤ ስም ያለበት ዝርዝር በፍላሽ አይወጣም።

ጥያቄ፦ በማዕከላችን መረጃ አስገባለሁ። ፕሮግራሙ አንዳንድ ቀኖችን «የለም» ይለኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ የ13 ዓመት ልጅ 21 ዓመት ሆና ትወጣለች። ምንድን ነው? (የመረጃ ሠራተኛ፣ አዳማ)

መልስ፦ የቀን አቆጣጠሩ ነው። ፕሮግራሙ የተሠራው በፈረንጆቹ ከሆነ 13ኛ ወር አያውቅም፤ ጳጉሜን ሁሉ ይጥላል። 30/02ን፣ ማለትም ጥቅምት 30ን «ፌብሩዋሪ 30 የለም» ብሎ እንደሚመልስ ፈረንጅ ነው የሚያያት። የባሰው ግን ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው። 2004 የተወለደች ልጅ በ2017 ዓ.ም 13 ዓመቷ ነው። የትውልድ ዘመኗ እንዳለ ገብቶ የጥቃቱ ቀን 2025 ተብሎ ከገባ 21 ትሆናለች፤ ከሕፃናት ቁጥርም ትወጣለች። ማንም አያስተውልም፣ ስህተት የሚል ቀይ ጽሑፍ አይመጣምና። ከ18 እስከ 25 የሆኑትን በሙሉ አውጥታችሁ የትውልድ ዘመኑን በዓይን እዩት። ሰዓቱንም አትርሱ፤ «3 ሰዓት» የጧቱ ነው፣ የማታው ነው፣ ወይስ የፈረንጁ?

ዕድሜ የተለየ ጥንቃቄ የሚፈልገው ሕጉ ራሱ በዕድሜ ስለሚከፍል ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ13 እስከ 18 ባሉት ላይ የሚፈጸመውን በአንቀጽ 626፣ ከ13 በታች ባሉት ላይ የሚፈጸመውን በ627 ለይቶ ይደነግጋል። በሌላ በኩል የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ በሕግ የጀመረው ሐምሌ 2008 ነው፤ ከዚያ በፊት በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ልደታቸው የተመዘገበ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት 3 በመቶ ብቻ ሆነው አግኝቷቸዋል። አሁን አሥራዎቹ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ከምዝገባው በፊት የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ ከ«ዕድሜ» አጠገብ «እንዴት ታወቀ?» የሚል አምድ ይኑር፦ የልደት ማስረጃ፣ የትምህርት ቤት፣ የክርስትና፣ የክትባት ካርድ፣ የሐኪም ግምት፣ የቤተሰብ ቃል። ቤተሰብ ለጋብቻ ብሎ ዕድሜ ሊጨምር እንደሚችል ሠራተኛው ያውቃል፤ ቅጹ ግን አያውቅም።

ጥያቄ፦ መምህር ተማሪ ቢገርፍ ይህም እንደ ጥቃት ይመዘገባል? (ርእሰ መምህር፣ ጎንደር)

መልስ፦ ይመዘገባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅን በትምህርት ቤት ከሚደርስ አካላዊ ቅጣት ይጠብቃል። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአራት አገሮች ልጆችን የተከታተለው የያንግ ላይቭስ ጥናት በ2009 እ.ኤ.አ. የ8 ዓመት ልጆችን ሲጠይቅ፣ በኢትዮጵያ ከአራቱ ሦስቱ ባለፈው አንድ ሳምንት ውስጥ መምህር ሲመታ ማየታቸውን ተናግረዋል። የፖሊስ መዝገብ ላይ ይህ የለም ማለት ይቻላል። የትምህርት ቤታችሁ መዝገብ በመምህሩ እጅ አይቀመጥ እንጂ ሌላው ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ የቤት ለቤት ጥናት ካለን መዝገቡ ለምን ያስፈልጋል? (ጥያቄው ከተለያዩ አንባቢዎች የመጣ)

መልስ፦ ሥራቸው ይለያያል። ጥናት ለማንም ያልነገረችውን ልጅ ያገኛል፤ መዝገብ የተናገረችው ልጅ ምን እንደተደረገላት ያሳያል። ታንዛኒያ በ2009 እ.ኤ.አ.፣ ኬንያ በ2010 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ከ13 እስከ 24 ዓመት ያሉትን የጠየቀ ብሔራዊ ጥናት አካሂደዋል። በታንዛኒያ ከአሥር ሴቶች ሦስት ያህሉ፣ ከሰባት ወንዶች አንዱ ከ18 ዓመታቸው በፊት ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናገሩ። በነዚህ ጥናቶች ሴቶችና ወንዶች የሚጠየቁት በተለያየ መንደር ነው፤ ደፋሪውና የተደፈረችው በአንድ ሰፈር አንድ ዓይነት ጥያቄ እንዳይጠየቁ። የእኛው የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የጥቃት ጥያቄዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ቢያካትትም የጠየቀው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን ነው። ወንዶች ልጆችና ከ15 በታች ያሉት በዚያ በኩል አይታዩም።

ሁለቱን ለማስተያየት ትርጓሜው አንድ መሆን አለበት። ፖሊስ በአንቀጽ፣ ሐኪም በጉዳት፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ በአገልግሎት ይመድባል። ዩኒሴፍ ያዘጋጀውና በ2023 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን ያጸደቀው ዓለም አቀፍ አመዳደብ ለዚህ ይጠቅማል፤ ግድያ፣ ለሞት ያላበቃ አካላዊ ጥቃት፣ ወሲባዊ፣ ሥነ ልቦናዊ፣ ቸልተኝነትና ሌላ ብሎ ይከፍላል። ቅጻችሁን ሁሉ አትቀይሩ፤ ያላችሁን ምድብ ወደነዚህ የሚያሻግር አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሪፖርታችንን በየቀበሌው ዘርዝረን መለጠፍ እንችላለን? (የዞን ባለሙያ፣ ጅማ)

መልስ፦ ከ5 በታች የሆነውን ቁጥር አትለጥፉ። «ቀበሌ 04፣ ወንድ፣ ዕድሜ 9፣ አንድ» ማለት በስም መጥራት ነው፤ ሰፈሩ ያውቀዋል። የሚረሳው ግን መቀነስ ነው። ሦስት ቀበሌ 14፣ 9፣ 11 ብላችሁ አራተኛውን ሸፍናችሁ ድምር 37 ካላችሁ፣ የተሸፈነው 3 መሆኑን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ያገኘዋል። ወይ ሌላም ቀበሌ ሸፍኑ ወይ ድምሩን ተዉት። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ቅጹን በስልክ ፎቶ አንስቶ ወደ ወረዳ የቴሌግራም ግሩፕ መላክ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በግምገማችሁ ውስጥ «ቅጹ ከቢሮ ወደ ቢሮ በምን ይሄዳል?» የሚለውን ጥያቄ አስገቡ፤ መልሱን ከኃላፊው ሳይሆን ቅጹን ከሚልከው ሰው ስሙ።

ጥያቄ፦ ለግምገማ ወጥቼ አሁንም አደጋ ላይ ያለች ልጅ ባገኝስ? (ስሟን እንዳንጠቅስ የጠየቀች መረጃ ሰብሳቢ)

መልስ፦ እስክሪብቶሽን አስቀምጪ። ከመውጣትሽ በፊት የምትደውዪላቸው የሁለት ሰዎች ስልክ፣ የማኅበራዊ ሠራተኛዋና የጤና ተቋሙ ተጠሪ፣ በኪስሽ መኖር አለበት፤ ደውለሽም የሚያነሱ መሆናቸውን አረጋግጪ። ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ ሰዓቱ ይቆጠራል፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥርም ይሻላል፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት። የፖሊስ ደብዳቤ ፍለጋ ይህን ጊዜ እንዳይበላው መጀመሪያ ሕክምና ውሰዷት። አንቺ ዝርዝሩን አትጠይቂያት፤ የሚጠይቃት ሰው አለ፣ ሁለቴ ባትናገረው ይሻላል። ለወላጅ ለመንገር ከመቸኮልሽ በፊት ደግሞ እቤት ያለው ማን እንደሆነ እወቂ። ከዚያ በቅጽሽ ላይ የቀኑንና የሰዓቱን፣ ለማን እንደደወልሽ፣ ማን እንደተረከባት ጻፊና ወደሚቀጥለው መዝገብ ተመለሺ።